ቆርቆሮው ወዴት ሄደ?

የመጋዘን ሽታ አንድ ሽታ አይደለም። በጆንያ የከረመ በቆሎ አለበት፤ ነቀዝ የበላው የእህል ብናኝ አለበት፤ ቀትር ላይ የጋለ ቆርቆሮ አለበት፤ ነቀዙን ለመግደል የሚነሰነሰው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ዱቄትም አለበት። ዳንግላ ውስጥ ጣሪያው ተገፎ የቀረ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ገብቼ ካሜራዬን ከቦርሳው ሳወጣ ይኸው ሽታ ከሊሾው ስንጥቅ ተነሥቶ መጣብኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ይህን ሁሉ ክረምት ያለ ጣሪያ የታጠበ ወለል እንዴት ሽታውን ይዞ ይቆያል?

በዚያ ሽታ ውስጥ አባቴ አለ። አመድማ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ብናኙ ቅንድቡን ነጭ አድርጎት። መዛኝ ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ታስቆመዋለች። «እዚያው አራግፈህ ግባ፤ ነቀዝህን ቤቴ አታምጣብኝ!» እሱም ካፖርቱን አውልቆ ከብሳናው ግንድ ጋር ይወቅጠዋል። ዶሮዎቻችን ሰዓቱን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከብሳናው ሥር ተሰብስበው ይጠብቁታል። ከኪሱ ማዕዘን፣ ከክሳዱ እጥፋት የምትረግፈው ጥሬ የእነሱ ድርሻ ነበረች።

የሚሠራበትን ድርጅት ሁሉም ሰው «እሰገድ» ይለው ነበር፤ ሙሉ ስሙ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነው። ለዛሬ ወጣት ስሙ ምንም ላይናገር ይችላል፤ በደርግ ዘመን ግን የጎጃም ገበሬ ከእሱ ጋር ሳይገናኝ ዓመቱን አይጨርስም። ኮታው ለገበሬ ማኅበሩ ይመደባል፣ ማኅበሩ በየአባወራው ያከፋፍለዋል፣ ዋጋውን መንግሥት ይቆርጠዋል። ዘንድሮ አልሆነልኝም ማለት አያድንም። ያልሆነለት ሰው ገበያ ወጥቶ በውድ ይገዛና እዚያ መጋዘን በር ላይ በርካሽ ያስረክባል። ልጅ ሆኜ ምሳ ይዤ ስሄድ እንዲህ ያሉ ሰዎች አይቻለሁ። አንዱን አልረሳውም። ሁለት አህያ ነድቶ መጥቶ፣ እህሉ እስኪመዘን ድረስ ከሚዛኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ጤፉን በመዳፉ እየዘገነ መልሶ ወደ ጆንያው ያፈሰው ነበር። ጠዋት ከገበያ የገዛው ጤፍ ነው። አባቴ ይህን ያውቃል። ያም ሰውዬ አባቴ እንደሚያውቅ ያውቃል። ሁለቱም ምንም አልተባባሉም፤ እርሳሷ ብቻ ከጆሮ ወርዳ አንድ ጭረት ጨመረች።

ጭረቶቹን ነው ላነሳ የመጣሁት። ከሚዛኑ መቀመጫ በላይ ባለው ግድግዳ፣ ኖራው ባልተላጠበት ቦታ፣ አሁንም አሉ፦ አራት ቁም ጭረት፣ አምስተኛዋ በላያቸው አግድም፤ እንደገና አራት፣ እንደገና አግድም። በቀትር ብርሃን አይታዩም። ጠዋት፣ ጮራ በበሩ ባዶ አፍ በኩል ከጎን ሲገባ ግን እርሳሱ ኖራውን የጫረበት ጎድጎድ ጥላ ይይዛል። ተንበርክኬ፣ ሌንሱን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አየኋቸው። አንዳንዱ ጭረት ተጭኖ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ እጅ የደከመበት ይመስል ሰያፍ ሄዷል። የአባቴ እጅ ይሁን የሌላ መዛኝ መለየት አይቻልም። ጽሕፈት ቢሆን እለየው ነበር፤ ጭረት ግን የማንም ነው።

ከሚዛኑ የቀረው አርማታ ውስጥ የተቀበረው ብረት ብቻ ነው። እሱንም በመጋዝ ሞክረውት፣ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ትተውታል።

የተተወ ቤት ፎቶ ማንሳት ዛሬ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ሕዝቧ የኮበለለባት የአሜሪካዋ ዲትሮይት፣ በ1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል አደጋ ያስለቀቃት ፕሪፕያት የዚህ ሙያ መናኸሪያዎች ናቸው። እነዚያን ፎቶዎች ያየ ሰው ከግድግዳው ይልቅ ዕቃውን ያስታውሳል፦ በመማሪያ ክፍል የተደረደሩ ጠረጴዛዎች፣ ወለሉን የሸፈኑ መጻሕፍት፣ አልጋ ላይ የቀረች አሻንጉሊት። ባለቤቱ አሁን ተነሥቶ የወጣ ይመስላል። ውበታቸውም፣ የሚያስፈሩትም በዚህ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፎቶ አይወጣም። ወንበሩ የታለ? መጽሐፉማ ገና ድሮ የቆሎ መጠቅለያ ሆኗል። በእኛ አገር የተተወ ቤት እስኪፈርስ የሚጠብቀው የለም፤ ይነቀላል። መጀመሪያ በሩ ከነማጠፊያው ይሄዳል። መስኮቱ ከነመቃኑ ይከተላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ነፋስ ያነሣው የሚመስል ቆርቆሮ ጠዋት ይጠፋል፤ አንዱ ከሄደ ሌሎቹ አይከርሙም። ቆርቆሮው ካለቀ ማገሩና ወራጁ ለማገዶ፣ ሚስማሩ በድንጋይ ተቃንቶ ለሌላ ሥራ። ፌሮ የሚባለው ነገር ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ አርማታው እየተፈለጠ የውስጡ ብረት ይወጣል። የመጨረሻው ድንጋዩ ነው፤ እሱም ጥርብ ከሆነ። ለፎቶ አንሺ የሚተርፈው ማንም ሊሸከመው ያልቻለው ነው። የማነሳው የቤቱን አጥንት ነው እያልኩ ራሴን ባጽናናም፣ እውነቱን ለመናገር አጥንቱም ተግጧል።

ግን ወዴት ነው የሚሄደው? ይህን ጥያቄ የመለሰችልኝ ከመጋዘኑ አጠገብ የምትኖር አንዲት ሴት ናት። ከጠዋት ጀምሮ በአጥሯ ላይ አንገቷን አውጥታ ስታየኝ ቆየችና «ልትለኩት ነው?» አለችኝ። ካሜራ የያዘ ሰው ባዶ ግቢ ውስጥ ከታየ መሬቱ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። አይደለም፣ አባቴ እዚህ ይሠራ ስለነበር ነው አልኳት። የአባቴን ስም ጠየቀች። ነገርኳት። ፊቷ ተፈታ። «የመዛኙ ልጅ ነህ እንዴ? ታዲያ ምን ባዶ ግንብ ትዞራለህ? ቆርቆሮውን ከፈለግህ ና፣ ላሳይህ።»

ከጓሮዋ ወሰደችኝ። የማድ ቤቷ አንድ ጎን በሙሉ ከመጋዘኑ ግቢ የቆርቆሮ አጥር የተገኘ ነው። ቀዩ ቀለም ወደ ዝገት መልክ ቢጠጋም ፊደሎቹ ይነበባሉ፤ ዘመኑን ያየ ሰው የማይስተው መፈክር ነው። «ሁሉም ነገር ወደ» ይላል፣ እዚያ ላይ ቆርቆሮው ያልቃል። «ጦር ግንባር»ን የጎረቤቷ የዶሮ ቤት ላይ አገኘሁት፤ ገጣጣሚው ገልብጦ ስለመታው ፊደሎቹ በጭንቅላታቸው ቆመዋል። ከመፈክሩ ሥር አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ጢሱ ያጠቆረውን «ሁሉም ነገር ወደ» ሳነሳ ሴትዮዋ ምጣዱን ከእይታ ለማራቅ ተጣደፈች፤ እንዳትነካው ለመንኳት። ከሠራሁት ሁሉ የማልጥለው ፎቶ እሱ ነው፦ መፈክሩ፣ ምጣዱ፣ የእንጀራው እንፋሎት። መጋዘኑ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ወዲያ ዳንግላን በሌላ ዐይን ነው የዞርኩት። ከተማዋ የተበተነውን መጋዘን ይዛለች። የብረት በሩ አንድ ክንፍ የወፍጮ ቤት በር ሆኗል። ከግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ብዙው ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፤ የዳንግላ ውሃ ለምድሩ ገጽ ቅርብ ስለሆነ በየግቢው ማለት ይቻላል የውሃ ጉድጓድ አለ፣ አፉ እንዳይናድ ደግሞ በድንጋይ ይታሰራል። ጎንበስ ብዬ ወደ አንዱ ጉድጓድ ሳይ፣ ከዙሪያው ክብ መካከል አንዱ ድንጋይ አሁንም የነጭ ኖራ ቅብ እንደያዘ ነው።

እኛም ድርሻችንን ወስደናል። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ባለው ዘመቻ ጎጃም ሲገባ፣ አለቆቹ ሁሉ ወደየሚሸሹበት ሸሽተው አባቴ የመጋዘኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ቤት ቀረ። ሕዝቡ ሲያወጣ እስከ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ጩኸት አልነበረም፣ የእግር ኮቴና የአህያ ትንፋሽ ነው። ወንድሜ ሮጦ ሄዶ አይቶ መጣ። «የገጠር ሰዎችም አሉበት፣ ይጭናሉ» አለ። አባቴ እሳቱን እየቆሰቆሰ «ታዲያ የማን መሰለህ?» አለው፤ ሌላ አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሲሄድ በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ስለነበር ጓጉንቸሩ ደህና ነበር፤ እንደተቆለፈ መሬት ላይ ወድቋል። አንሥቶ አመጣው። እናቴ የቡና ሳጥኗን እስክትሞት ድረስ በእሱ ነበር የምትቆልፈው።

መጋዘኑ በሙላቱ ዘመን አንድም ፎቶ የለውም። ቢኖረው ይገርመኝ ነበር። ያን ጊዜ ካሜራ ለሰው ነው፤ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ፣ ለሠርግ የሚሆን ሙሉ ቁመና፣ በፎቶ ቤቱ የፏፏቴ መጋረጃ ፊት። ለቤት ፎቶ ማን ገንዘብ ይከፍላል? የመንግሥት መጋዘን ላይ ካሜራ መደገን ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ራስን ነበር የሚያስከፍለው።

ወደ እንጅባራ ስወጣ ብርዱ እንደ ድሮው ነው፤ ከ2500 ሜትር በላይ ያለ አገር ብርዱ አይለወጥም። ሌላው ሁሉ ግን ተለውጧል። ኮሶበር እያልናት የምናውቃት፣ ጉም ውስጥ የምትጠፋ የአውቶቡስ ማረፊያ ዛሬ የአዊ ዞን ከተማ ናት፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲም አላት። የቀርቀሃ ወንበሩና መደርደሪያው አሁንም ከመንገዱ ዳር ይሸጣል። ከፍ ብሎ ሲታይ አስፋልቱን ተከትሎ የቆሙት ብዙዎቹ ፎቆች በር የላቸውም፣ መስኮት የላቸውም፣ ፌሮው ከላይ ወደ ሰማይ ተንጨፋሮ ቀርቷል። በካሜራ ብታያቸው ከዳንግላው መጋዘን አትለያቸውም። ልዩነቱ እነዚህ ገና ሰው አልገባባቸውም፤ የሲሚንቶ ዋጋ ያስቆማቸው ናቸው። አንዱ ሥር አንድ ዘበኛ ከሰል አቀጣጥሎ ይሞቃል፤ ይህም አንድ ነገር ነው፣ እዚህ ባዶ ቤት ዘበኛ አለው።

የፈለግሁት ግን ሌላ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረ የአምራች ጽሕፈት ቤት። አምራች ማለት የገበሬዎች አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ መሬቱም፣ በሬውም፣ ምርቱም በጋራ። አጎቴ እዚያ አባል ነበር፤ አባል የሆነውም ሌላ የሚሆነው ስላልነበረ ነው። በዚያው ሰሞን የመንደር ምሥረታው መጥቶ ሰዉ ከየጎጡ ተነቅሎ፣ ጎጆዎቹ በገመድ በተለካ መስመር ተሰለፉ። አጎቴ ቤት ስናድር አንዱ ቤት ሲያስል ሌላው ቤት ይሰማ ነበር። ጓሮ የለም፣ ማሳው ሩቅ ነው፣ ከብቱ የሚውልበት የለም። አጎቴ ማታ ማታ የድሮ ቤቱን ቦታ ሊያይ ይሄድ ነበር፤ የቀጋው አጥር ብቻ ቀርቶለት።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ፣ ከአዋጁ ውስጥ ገበሬው የሰማው ሁለት ነገር ነው፦ ኮታ ቀረ፣ አምራች የፈለገ ይቆያል ያልፈለገ ይወጣል። ማን ይቆያል? በአገሪቱ አብዛኛው አምራች በሳምንታት ውስጥ ነው የፈረሰው። አጎቴ ጎጆውን በዚያው በጋ ነቅሎ፣ ምሰሶውን በትከሻ፣ ሣሩን በአህያ ጭኖ ወደ ቀጋው አጥር መለሰው። እኛ ልጆቹ ማገር ተሸክመናል። ሰው ቤቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው፤ የዚያን ቀን ሳቅ ሠርግ ላይም አልሰማሁም።

የአምራቹ ጽሕፈት ቤት አሁን የድንች ማሳ ነው። አራቱ የማዕዘን ድንጋዮች አሉ፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው መስመር ብትዘረጋ የቤቱ ስፋት ይወጣል፤ በመካከሉ ድንቹ አብቧል። ብዙ ፎቶ አነሣሁ። አንዱም አይረባም። ድንች ነው የሚታየው። ማኅተሙን፣ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሰው፣ የሥራ ነጥብ መዝገቡን በድንች ፎቶ ላይ እንዴት ታወጣዋለህ?

ዳንግላ ያለው የሰፈራችን የቀበሌ አዳራሽ ይሻላል፤ ቢያንስ ሦስት የአርማታ ደረጃዎችና የባንዲራው ግንድ የቆመበት ጉድጓድ ቀርተውታል። ወደ የትም የማያስገቡ ደረጃዎች ለካሜራ ጥሩ ናቸው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያ አዳራሽ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር፤ የእኛው የአገዎቹ ቋንቋ አውንጊ ግን ከ15ቱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ እናቴ በአውንጊ አስባ፣ በአውንጊ አጉረምርማ፣ በአማርኛ ጻፈች። ማታ ኩራዟን ይዛ ስትመለስ እጇ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበረ፤ አባቴም ደጃፍ ላይ ያስቆማታል። «አንቺም አራግፈሽ ግቢ እንጂ!» ዛሬ በአዊ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአውንጊ ይማራሉ። የእህቷ የልጅ ልጅ ደብተሩን ሲያሳያት ፊደሎቹን ለየችና፣ ቃሉ የገዛ ቋንቋዋ መሆኑን ስትረዳ ጮክ ብላ እየደጋገመች አነበበችው።

ከዚህ በታች ያለው ንብርብር እኔ የማላስታውሰው ነው። ልጅ ሆነን ስለ እንግሊዝ ቆንስላ የነገረን ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስገልጥ የትውልድ ከተማዬን ስም አየሁ። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን በ1918 ዓ.ም. የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መጥቶ መቀመጫውን ዳንግላ አደረገ፤ እስከ 1926 ዓ.ም. ቆየ። ሰውየው ወፍ አጥኚ ነው። በበቅሎ የጣናን ዙሪያ ዞረ፣ የአባይን በረሃ ተከትሎ ወረደ፣ ካርታ አነሣ፣ ፎቶም አነሣ፤ መጽሐፉ በ1928 ዓ.ም. ለንደን ታተመ። የእንግሊዝ መንግሥት እዚህ ድረስ ቆንስል የላከው ለወፍ ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ዐይኑ ጣና ላይ ሊሠራ በታሰበው ግድብ፣ በሱዳን ድንበር በሚያልፈው የባሪያና የጦር መሣሪያ ንግድ ላይ ነበር። የተማረው ሁሉ በኋላ ለሌላ ሥራ ዋለ። በ1933 ዓ.ም. ዋዜማ ቺዝማን ካርቱም ላይ ተቀምጦ ስለ ጎጃም መረጃ ከሚያጠናቅሩት አንዱ ነበር።

በመካከሉ ጣሊያን ገብቶ ዳንግላንም እንጅባራንም የጦር ሰፈር አድርጓቸዋል። ዛሬ ጥርብ ድንጋይ ያለበትን ሁሉ ሽማግሌዎቻችን «የጣሊያን» ይሉታል፤ እኔ በዚህ ብዙ አላምናቸውም፣ ከዚያ በኋላም የተጠረበ ድንጋይ አለ። የማይስቱት ግን አወጣጡን ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ሲያመሩ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን የመሳሰሉ አርበኞች ዳር ዳሩን ይዘውት ነበር። ከንጉሡ ጋር የመጣው፣ እንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ሁለት ሺህ የማይሞላ ነው፤ ጣሊያን በጎጃም ያለው ብዙ እጥፍ ነው። ሆኖም በየካቲት የዳንግላው ጦር ሳይዋጋ ሰፈሩን ጥሎ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ እንጅባራም ተለቀቀች። ሕዝቡ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በየካቲት 1933 ለቀው ሲሄዱ በተነቀለው በርና በየካቲት 1983 በተነቀለው በር መካከል ልክ 50 ዓመት አለ፤ እጁ ግን አንድ እጅ ነው።

ጣሊያን ገና በሰፈሩ ሳለ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። በዓሉ ጥር 23 ነው፣ በጊዮርጊስ፤ ሰው መሠረቱን ከዓድዋ ፈረሶች ጋር አያይዞ ያወራዋል። ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ ማኅበሩን የመሠረቱት ሰዎች ያኔ ያላቸው ፈረስ ነው፣ ኮርቻ ነው፣ ተራ ገብቶ መደገስ ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ሄደ፤ ጥር 23 ግን እንጅባራ ሜዳ ላይ ከየወረዳው የተሰበሰበው ፈረስ ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል። በር ስለሌለው የሚነቀል የለውም።

ዛሬ ደግሞ ራሱ መሬቱ መልኩን ቀይሯል። ከአዲስ ቅዳም ጀምሮ እስከ ሩቅ ድረስ ገብስና ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሆኗል። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በመኪና ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። አሲድ የበላው መሬት እንዲያገግም ያደርጋል ይላሉ፤ ብዙ ሰው ቆርቆሮ ቤት የሠራበት ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ዛፉ በሽታ ገብቶበት ቅጠሉ ሲጠወልግ ሰዉን አስጨንቆታል። ማለዳ ሲታይ ጢሱ ከየእርሻው ይነሣል። በልጅነቴ ማለዳ የሚሸተው የአመዳይና የእበት ጠረን ነበር፤ አሁን ከሰል ነው። ኮታ የሚቆርጥ የለም፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላ ነው፤ የአጎቴ ልጅ «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ፣ አልመለሰልኝም።

ከእንጅባራ መውጫ ላይ፣ ከዘንገና ሐይቅ መለስ ብሎ፣ ከግራዋና ከሳማ መካከል ወገብ ድረስ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ አለ። የማን እንደነበረ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ። ትሪፖዱን ተክዬ፣ ሳማው እጄን ለብልቦኝ፣ ጉሙ እስኪነሣ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ወርደው መጡ። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ክምር ድንጋይ ነው የምታነሣ?»

«አዎ አባቴ።»

«ምን ይሆንሃል?»

የድሮ ቤት ስለሆነ ነው አልኋቸው። ታሪክ ነው፣ ሳይጠፋ ብዬ ነው።

«የለቀቀው ሰው ያልፈለገውን!» አሉ። ከዚያ ጉሙን ቀና ብለው አይተው «ቆይ፣ እንዳትሄድ፣ መጣሁ» ብለው ወደ ላይ ወጡ። ይመለሳሉ ብዬ አላሰብኩም። ጉሙ ተነሣ፣ ግድግዳው ፀሐይ መታው፣ ሠራሁ። ዕቃዬን ስሰበስብ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ቀይረዋል። ዳማ ፈረሳቸውን ይዘዋል፤ ግላሱን አልብሰው፣ ልጓሙ ላይ ቀይ ዘርፍ አንጠልጥለው፣ ግንባሩን አስጊጠውታል። እርካቡን ረግጠው እኔ እንድደግፋቸው ሳይጠብቁ ወጡና አንገቱን መለስ አድርገው ቀጥ አሉ።

«በዚህ በኩል አንሣኝ። ክምር ድንጋዩ ከኋላዬ እንዳይገባ።»

ወደ መንገዱ ዞርኩ። ግድግዳው ከፎቶው ወጣ።

«የፈረሱንም እግር እንዳትቆርጠው፣ አራቱም ይታይ።»

አራቱም ይታያል አልኋቸው። በካሜራው መስኮት ላሳያቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። «እሱን ተወው፣ ዐይኔ አይደርስበትም። በወረቀት አድርገህ አምጣልኝ። ለጥር 23 ይድረስልኝ፣ የማኅበሩ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው።»

«ስንት በስንት ይሁንልዎ አባቴ?»

ልጓሙን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ በሌላኛው በትሩን ወደ ግድግዳው ቀሰሩና ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

«የዚያን ያህል።»